የእጅ ዋጋ

ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው አራስ ናት። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ አንዱ ብር ለእሷ የአንገት መስቀል፣ የተረፈው ደግሞ ለእናትየዋ ጉትቻ እንዲሆን ነው የመጡት።

አንጥረኛው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አንዱን ብር አንሥቶ መስፉ ላይ ጣል አደረገው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ወደ ብርሃን አስጠግቶ የንግሥቲቱን ፊት አየ፣ ገልብጦ ሁለት ራስ ያለውን ንስር አየ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጠው።

«ብሩ ደህና ነው እማማ» አለና ዋጋውን ነገራቸው።

«ብሩ የራሴ አይደል እንዴ ልጄ? ምን አውጥተህ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?»

«ለእጄ ነው እማማ።»

«ለእጅህስ ይሁን። ግን ይህን ያህል?»

አልተከራከራቸውም። ከመሳቢያው በጅምር ያለ ጉትቻ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ከጸጉር ጥቂት የሚወፍር የብር ሽቦ ተገምዶ፣ ተጠቅልሎ፣ በዙሪያው የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ድብልብል ነጠብጣቦች ተሰልፈውበታል። አሮጊቷ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነው የምትለጥፈው?» ብለው ጠየቁ። አንድ በአንድ እንደሆነ ነገራቸው። ዋጋው ጥቂት ወረደ፣ እሳቸውም ጥቂት ጨመሩ፣ ተስማሙ።

እንዲህ ያለው ክርክር በአገራችን ጌጥ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አለ። ገዢው ማዕድኑን ያውቃል፤ ግራሙንና ካራቱን ይጠይቃል፣ የዕለቱን ዋጋ በስልኩ አይቶ ይመጣል። የሠሪው እጅ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይጨልማል። እጅ የሚታየው እንደ ጭማሪ፣ እንደ ቅሚያ፣ ቢቻል ጨርሶ መቅረት እንዳለበት ወጪ ነው። በእጅ የተሠራ የአገር ጌጥ መግዛት እንወዳለን የምንል ሰዎች ልናስተካክለው የሚገባን የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል። ጌጡን ጌጥ ያደረገው ሚዛን ላይ ያልወጣው ክፍሉ ነውና።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከባድ አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር ጌጥ የቤቱ ካዝና ነበር። አሮጊቷ ያመጡት ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ በየትኛውም አገርና ዘመን ይመታ፣ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ወጥቷል። ጣሊያን ሳትቀር ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ቅርጹን አግኝታ ሮም ላይ አስመትታለች። አንዱ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበሬውና ነጋዴው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የእንቁ ነጥቦች ይቆጥሩ ነበር፤ ነጥቡ የደበዘዘ ብር አንቀበልም የሚሉበት ገበያ ብዙ ነበር።

ይህ ገንዘብ ወደ አንጥረኛ እጅ ሲገባ ድሪ ይሆናል፣ አምባር ይሆናል፣ አልቦ ይሆናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ጌጡ ተመልሶ በሚዛን ይሸጣል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅና ማርትሬዛ ከገበያ እየወጣ ሲሄድ፣ በየቤቱ የተቀመጠው ብር ከመገበያያነት ይልቅ ለማቅለጫ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የምናገኘው የብር ጌጥ አብዛኛው አንድ ጊዜ በገበያ የዞረ ገንዘብ ነው። ወርቅ በቀደመው ዘመን በብዛት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር፤ ሕዝቡ ያጌጠው በብር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የወሎ ሴት የክታብ ማኅደር የሚመስሉ የብር ቱቦዎች የተደረደሩበትን አሸንክታብ ስታስር፣ የጎጃሟ የጆሮ ኩክ ማውጫውን ከመስቀሏ ጋር በአንድ ማተብ ላይ ታንጠለጥላለች። ኩክ ማውጫውም እንደ መስቀሉ የተቀረጸ፣ አናቱ ላይ ጌጥ ያለው ነው።

ጌጥ ቁጠባ በሆነበት ዘመን ማዕድኑን ብቻ መቁጠር ትክክል ነበር። ሲሸጥ የሚመለሰው ግራሙ ነው፤ የእጅ ዋጋ አይመለስም፣ ዛሬም በየትኛውም ወርቅ ቤት አይመለስም። ዛሬ ግን ቁጠባውን ባንክ ይዞታል፣ ወይም ሌላ ቦታ አለ። ለአንድ መስቀል አሥር ግራም ብር የሚገዛ ሰው ሀብት እያከማቸ አይደለም። እሱ የሚፈልገው አንገቱ ላይ የሚያምር ነገር ነው፣ የሚያምረውን ደግሞ እጅ ነው የሚሠራው። ዓይናችን ግን አሁንም የገንዘብ ለዋጭ ዓይን ነው።

ከልማዱ ጋር የመጣ የከፋ ነገርም አለ። ይህ አገር በአንጥረኛ ሥራ ያጌጠውን ያህል አንጥረኛን አላከበረም። ብረትና ብር የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ተባለ። ከእሱ ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁን የማይድርለት፣ ዓይኑን የሚፈራ ነገር ግን ለበዓሉ መስቀሉን፣ ለሠርጉ አምባሩን ከእሱ የሚያሠራ ብዙ ነበር። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በብረት ሥራና በሸክላ ሲተዳደሩ ይህን ስድብ ለዘመናት ተሸክመውታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያው ከእነሱ ጋር ሄደ፣ ከፊሉም በመንገድ ላይ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ቤተ መንግሥት ድረስ የታወቀ እንደነበር ያሳያል። ዐዋጅ ግን ልብን አይለውጥም። የእጁን ዋጋ እንደ ተረፈ ነገር የምናየው በከፊል ሰውየውንም እንዲሁ ስለምናየው ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ወደ እጁ እንምጣ። እጁ የሚያደርገውን በዓይኑ ያየ ሰው ዋጋውን ለመቁረጥ ያፍራል።

ብሩ መጀመሪያ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ይገባል። ዱሮ ወናፍ የሚነፋ ልጅና ከሰል ነበር ሥራው፤ አሁን አብዛኛው የከተማ አንጥረኛ በጋዝ እሳት ያቀልጣል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የጠገራ ብር መዳብ ስላለበት ትንሽ ቀደም ይላል። ቅልጡ በቦይ በተቦረቦረ ብረት ላይ ይፈስና ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ መስፉ ላይ ይቀጠቀጣል፤ ሲቀጠቀጥ ግን ይደነድናል፣ ቢቀጥሉበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ጥቂት እንደመታ ያቆምና እሳት አስነክቶ ያለሰልሰዋል፤ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ያለሰልሳል። መቼ እንደሚያቆም የሚነግረው በመዶሻው ሥር የሚሰማው ድምፅና ግፊት ነው። ይህን በቃል ማስተማር አይቻልም፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ዓመታት ማሳለፍ አለበት።

ዘንጉ ከቀጠነ በኋላ ቀዳዳው እያነሰ በሚሄድ የብረት ሳህን ውስጥ በጉጠት እየተሳበ ሽቦ ይሆናል። ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ፣ በየመካከሉም እሳት። ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ይገመዳል፣ ገመዱ ጠፍጠፍ ይደረጋል፤ አሁን ጠርዙ የጥልፍ ክር ይመስላል። ይህን በወረንጦ እየያዘ እንደ አበባ፣ እንደ ቀንድ፣ እንደ ቀለበት ያጣጥፈዋል። ነጠብጣቦቹ ደግሞ ከተቆራረጠ ሽቦ ነው የሚሠሩት። ቁርጥራጮቹ ከሰል ላይ ተበትነው እሳት ሲነካቸው እያንዳንዱ በራሱ ተሰብስቦ ድብልብል ይሆናል፤ ከዚያ በመጠን በመጠን ይለያሉ።

ከባዱ መበየዱ ነው። ማጣበቂያው ራሱ ብር ነው፤ ከጌጡ ቀድሞ እንዲቀልጥ ሌላ ማዕድን የበዛበት ብር። እሳቱ ማጣበቂያውን አቅልጦ ጌጡን ሳያቀልጥ መነሣት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ነው። አንጥረኛው የሚያየው የብሩን ቀለም ነው፤ ለዚህም ክፍሉን ጨለም ያደርጋል። እጁ ቢዘገይ የቀናት ሥራ በዓይኑ ፊት ወደ አንድ ጉብታ ይሰበሰባል፤ ማዕድኑ አይጠፋም፣ ግራሙ አይጎድልም፣ የጠፋው እጁ ብቻ ነው። ይህን ኪሣራ ማንም ደንበኛ አይከፍለውም።

በመጨረሻ ጌጡ ከእሳት ጠቁሮ ይወጣና ለስላሳ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ከላይ ያለውን መዳብ በልቶ ንጹሑን ብር ያስቀራል። አዲስ የአገር ብር ጌጥ ያ ፈዘዝ ያለ፣ እንደ ወተት የነጣ መልክ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ገዢ አላበራም ብሎ ይመልሰዋል፤ ለኔ ግን ከሁሉ የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነው።

የመስቀል አሠራር ሌላ መንገድም አለው። ከሰም ቅርጽ ይወጣል፤ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፣ ይደርቃል፣ እሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ነሐሱ ወይም ብሩ ይፈሳል። ቅርጹን ለማውጣት ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ዛሬ በጎማ ቅርጽ ሰሙን በብዛት እያባዙ የሚያወጡ አሉ፤ እነዚህ መቶ ቢሆኑም መቶዎቹ አንድ ናቸው። ነውር አይደለም፣ ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ነውሩ በእጅ የተሠራ ብሎ መሸጡ ነው።

ሲገዙ እንዴት ይለያል? ጀርባውን አዙሩት። በማሽን የተባዛ ጌጥ ፊቱ የሚያምረውን ያህል ጀርባው ባዶ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። በእጅ የተሠራው ጀርባ ላይ የሞረድ ጭረት አለ፣ የብየዳው ጠባሳ አለ፣ ግራና ቀኙ ጥቂት ይለያያሉ። ጥንድ ጉትቻ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ነጠብጣቦቹን ተመልከቱ፤ አንዱ ጥቂት ካላዘነበለ ሰው አልሠራውም። የብር ነው ከተባለ መግነጢስ አይስበውም፤ ግን ነሐስም ኒኬል የበዛበት ነጭ ብረትም በአብዛኛው አይሳብም፣ ስለዚህ መግነጢስ ብቻውን አይበቃም። በእጅ ሲያነሱት የብር ክብደት አለው። ለወራት ሳይነካ ሲቀመጥ ደግሞ ብር ይጠቁራል፣ በጨርቅ ሲፈተግ ይመለሳል። 925 የሚል ማኅተም ብዙ ጊዜ አታገኙም፤ ከጠገራ የቀለጠ ብር ወደ 833 የቀረበ ነውና 925 ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ወርቅ ከሆነ ሻጩ በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሰምሮ በአሲድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሐቀኛው አይቆጣም። 21 ካራት ማለት ከመቶ 87 ተኩል እጅ ወርቅ፣ 18 ማለት ከመቶ 75 እጅ ነው። ለቀጭን ሥራና በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት 18ቱ ጠንካራ ስለሆነ የተሻለ ነው፤ ዝቅ ያለ መስሎን ብቻ እናልፈዋለን።

ከመስቀሎቹ ጋር የተለጠፉትን ስሞች በልክ ውሰዷቸው። ይህ የአክሱም፣ ያ የላሊበላ፣ ይኸኛው የጎንደር ይባላል። አንዳንዱ እውነት ከቦታው የመጣ ነው፤ ብዙው ግን ቅርጹን ለመለየት ነጋዴው የሰጠው ስም ነው። ዓይን ማሠልጠን ከፈለጋችሁ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሂዱና መስቀሎቹን እዩ። አሮጌ የእጅ ሥራ ምን ያህል እንደሚያምርና ምን ያህል ጠማማ እንደሆነ ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አሮጌ ነገር ካነሣን አንድ ጠንከር ያለ ቃል አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል መስቀል፣ ዕድሜው ረጅም ነው የተባለ ጽዋ፣ የብራና ክታብ በየትኛውም ዋጋ አትግዙ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ቤልጂየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰብሳቢው ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶት ነበር። ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉት የወርቅ ዘውድና ጽዋ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ልብስና የብር ጌጥ ዛሬም ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ያን እንዲመለስ እየጠየቅን በቤታችን በር ሌላውን ልናሳልፍ አይገባም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከውጭ መጥታችሁ አዲስ የተሠራ ጌጥ ይዛችሁ የምትመለሱ ወገኖች ደረሰኝ ያዙ፤ አሮጌ የሚመስል ነገር ከሆነ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሳትይዙ ቦሌ አትሂዱ።

አሁን አንጥረኛውን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ ሲተመን የመገበያያው ብር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ የወርቅ ዋጋ በብር ሲቆጠር ተተኮሰ። ከዚያ የዓለም ገበያው ራሱ ወጣ፤ መስከረም 2018 መጨረሻ ላይ አንድ አውንስ፣ ማለት 31 ግራም ገደማ፣ ወርቅ ከ4 ሺህ ዶላር አለፈ። ሰው ለሠርግ ይገዛው የነበረውን አምባር በግማሽ ክብደት መግዛት ጀመረ። ማዕድኑ ሲወደድ የተቀነሰው ደግሞ እጁ ነው፤ ገዢው ለወርቁ የሚከፍለውን መቀነስ ስለማይችል ለአንጥረኛው የሚከፍለውን ይቆርጣል። አንጥረኛውም ሥራውን ያቀላል፤ ነጠብጣቡ ይቀራል፣ ግምዱ ይቀራል፣ ለስላሳ ዝርግ ቀለበት ይሆናል። ለስላሳውን ደግሞ ማሽን ከሱ በተሻለ ይሠራዋል። ከዱባይ፣ ከጂዳ፣ ከቤይሩት የሚመጡት እህቶቻችን በላባቸው ገዝተው የሚያመጡት ወርቅ ካራቱ የታወቀ፣ ክብደቱ የተጻፈ፣ ብልጭታው የማያወላዳ ነው። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ ያ ወርቅ ለብዙዎቹ የዓመታት ድካም ቁጠባ ነው። ግን እንደ ጌጥ ሲታይ የየትም አገር ነው።

ከዚያ ደግሞ ቅቡ አለ። የሐበሻ ስብስብ ተብሎ የሚሸጠው፣ ግንባር ላይ የሚወርደው፣ የአንገቱ፣ የጆሮውና የእጁ በአንድ ሣጥን የተደረደረው፣ ቅርጹ ከትግራይና ከሐማሴን ሙሽሮች ጌጥ የተወሰደው፣ ብዙው በውጭ ፋብሪካ የሚመታ ወርቅማ ብረት ነው። ለፎቶግራፍ ያምራል። ጥቂት ሠርግ ካየ በኋላ ቀለሙ ይለቃል። የእኛው ቅርጽ ነው፣ የእኛ ሠሪ ግን ሳንቲም አላገኘበትም። በዋሽንግተንና በአትላንታ ያሉ ሙሽሮች ይህን ሣጥን የሚከራዩበትን ዋጋ አይቼ፣ በዚያው ገንዘብ አንድ እውነተኛ የብር ጉትቻ ለዕድሜ ልክ ማሠራት እንደሚቻል ሳስብ ቁጭት ይሰማኛል።

እኔ መፍትሔው ወርቅን መተው ይመስለኛል፣ ቢያንስ ለጌጥ። ብርም ተወድዷል፤ ግን ከወርቅ አንጻር አሁንም ለእጅ ቦታ ይተዋል። በብር ጌጥ ውስጥ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ሥራው ሊወስድ ይችላል፤ በነሐስና በመዳብ ደግሞ ጨርሶ ሥራው ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ ከነበሩት ሴቶች ጥቂቶቹ ከጦርነት የቀረ የመድፍ ቀለህ አስቀልጠው ዶቃ ይሠራሉ። ማዕድኑ የወደቀ ብረት ነው፣ በግራም የሚገዛው የለም። ያ ዶቃ የሚሸጠው በሠሪዎቹ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ገዢውና ሠሪዋ ስለ እጅ ዋጋ በቀጥታ የሚነጋገሩበት እንዲህ ያለ ሌላ ጌጥ አላውቅም።

ድንጋይ የምትወዱ የደላንታን ኦፓል ታውቃላችሁ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከወሎ፣ ከወገል ጤና ዙሪያ ካለው ገደል ይወጣል፤ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እሳት የሚመስል ቀለም ይንቦገቦጋል። ብዙው ሳይቆረጥ ወጥቶ ሌላ አገር ተቆርጦ በሌላ አገር ጌጥ ላይ ይቀመጣል። ደላንታ የወጣ ድንጋይ በአዲስ አበባ አንጥረኛ እጅ ብር ላይ ሲቀመጥ ማየት ብርቅ መሆኑ ያሳዝናል። የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፤ የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ሲደርቅ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ሻጭ ውኃ ውስጥ ነክሮ ካሳያችሁ ደረቁን እስክታዩ አትክፈሉ። ቀለበቱን አድርጋችሁ ዕቃ አትጠቡ፤ ዘይትና ሳሙና ከገባበት ቀለሙ ላይመለስ ይችላል።

ከመስኮት መግዛትና ማሠራት ለየቅል ናቸው፤ እኔ የምመክረው ማሠራትን ነው። አንጥረኛ የሚኖረው በትዕዛዝ ነው። ቱሪስት በመጣ ጊዜ ብቻ የሚሸጥ ሰው ቱሪስት የሚወደውን ትንሽ መስቀል ደጋግሞ ይሠራል፤ እጁ ከዚያ በላይ አያድግም። ጎረቤቱ መጥቶ የአያቴን ድሪ የመሰለ ሥራልኝ ሲለው ግን የረሳውን እንዲያስታውስ፣ ያልሞከረውን እንዲሞክር ይገደዳል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእናታችሁን የሠርግ ፎቶ፣ የአያታችሁን የተሰበረ አምባር። ብሩ የራሳችሁ ከሆነ በፊታችሁ ይመዘን፣ ሲቀልጥ እዩ፣ የተረፈውን ቁርጥራጭ መልሱልኝ ወይም ለሥራው ቁጠሩልኝ በሉ። የእጁን ዋጋ ከብሩ ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲነገሩ ነው ሁልጊዜ እጁ የሚበላው። የተሰበረውንም አትጣሉ። አንድ የተነቀለ ነጠብጣብ የሚመልስ፣ የላላ ማጠፊያ የሚያጠብቅ አንጥረኛ ከአዲሱ ሥራ ያልተናነሰ ሙያ ያሳያል፤ ለዚህ የሚከፈለው ግን ዛሬ ከሻይ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፣ አለመብለጡም ያሳፍራል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በዚያ አካባቢ የነበሩ ሠሪዎችና ሱቆች ወደየአቅጣጫው ተበትነዋል። የምታውቁት አንጥረኛ ከነበረ ስልኩን ፈልጉ፤ ዛሬ መርካቶ ወይም ሌላ ሰፈር ፎቅ ላይ፣ በር ላይ ምልክት በሌለው ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። የማታውቁ ከሆነ ወርቅ ቤት ገብታችሁ የሚሸጠውን ሳይሆን ማን እንደሠራው ጠይቁ። አንዳንዱ ባለሱቅ አይነግራችሁም፤ ሠሪውን ማስተዋወቅ ደንበኛ ማጣት ይመስለዋል። ደጋግሞ ሲጠየቅ ግን ይለምደዋል።

ቀብድ ስትሰጡ ጊዜም ስጡ። የጥር ሠርግ ጌጥ ከኅዳር በፊት መታዘዝ አለበት፤ ከገናና ከጥምቀት የመስቀል ትዕዛዝ ጋር ከተጋጨ አንጥረኛው ሌሊት ቢሠራም አይደርስም። የሚያዝያና የግንቦት ሠርግ ከሆነ ዐቢይ ጾም እንደገባ ሂዱ፤ ጾሙ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ስለሆነ ያን ጊዜ እጁ ነጻ ነው፣ ዋጋውም ለድርድር ይመቻል። ለአንድ ጥንድ የግምድ ጉትቻ ሁለት ሳምንት፣ ለሙሉ ድሪ ከሁለት ወር የማያንስ አስቡ። ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የሚመጣ ሰው የሚወስደው መስኮቱ ላይ ያለውን ነው፣ መስኮቱ ላይ ያለው ደግሞ አሁን አብዛኛው ቅብ ነው።